ሬስሊንግ በአውድማ፦ የጃፓኑን ዲዲቲ መንገድ ተከትሎ የትምህርት ቤት ትርኢት ማዘጋጀት

ይህን የምጽፈው ለስፖርት መምህራን፣ ለድራማ ክበብ ተጠሪዎችና በየቀበሌያቸው ወጣት ሰብስበው አንድ ደስ የሚል ነገር ለማሳየት ለሚያስቡ ሁሉ ነው። ቢቸና ላይ የስፖርት መምህር ነኝ። ከክበባችን ልጆች ጋር ሪንግ ሳይኖረን፣ መብራትና የጭስ ማሽን ሳይኖረን፣ በጤፍ ጭድና በሸራ ብቻ የሬስሊንግ ትርኢት እናዘጋጃለን። መንገዱን ያገኘነው ዲዲቲ ከሚባል የጃፓን ቡድን ነው።

ዲዲቲ "ድራማቲክ ድሪም ቲም" የሚለው ሲያጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ቶኪዮ ውስጥ ተቋቋመ፤ ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ለብዙ ዘመን የመራው ሳንሺሮ ታካጊ ራሱም ተፋላሚ ነው። ሲነሡ የታላላቆቹ ድርጅቶች ገንዘብም ስምም አልነበራቸውም። ስለዚህ ተመልካች እስኪመጣላቸው ከመጠበቅ ትግሉን ይዘው ሰው ወዳለበት ሄዱ። በ2008 በቶኪዮ አንድ መጻሕፍት ቤት ገብተው በመደርደሪያዎቹ መካከል ገጠሙ። ድንኳን ተተክሎ በሚታደርበት ጫካም ገጠሙ። ጁን 1 ቀን 2017 ታካጊና አንጋፋው ሚኖሩ ሱዙኪ ወደ 55,000 ሰው በሚይዘው በቶኪዮ ዶም ውስጥ አንድም ተመልካች ሳይገባ ለሁለት ብቻ ተፋለሙ። ሴፕቴምበር 18 ቀን 2023 ደግሞ እነዚሁ ሁለቱ ከቶኪዮ ወደ ናጎያ በሚከንፈው የሺንካንሰን ባቡር ፉርጎ ውስጥ፣ በመቀመጫዎቹ መሐል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ተያያዙ። በፉርጎው ለተመልካች የተሸጡት 75 ወንበሮች በግማሽ ሰዓት ውስጥ አለቁ። ባቡር ውስጥ ትግል ከተቻለ ቢቸና አውድማ ላይ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

ከዲዲቲ የወሰድኩት ትልቁ ትምህርት አንድ ነው፦ ሲያስቁ አይስቁም። ከአሻንጉሊት ጋር ሲገጥሙ እንኳ ከሰው ጋር እንደሚገጥሙ ሆነው ይወድቃሉ፣ ያማቸዋል፣ ይደክማቸዋል። ሳቁ የሚመጣው ከዚያ ነው። ልጆቻችሁን ቀልድ ከማስተማራችሁ በፊት መውደቅን አስተምሯቸው የምለውም ለዚህ ነው።

ወቅትና ፈቃድ

ለእኛ አገር የሚመቸው ጊዜ ከጥምቀት በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ነው። ጤፉ ተወቅቶ አልቋል፣ ጭድ በየደጁ ተከምሯል፣ አውድማው ባዶ ነው፣ ዝናብ አይጠረጠርም። በመሐል ነነዌ ስላለ ቀኑን ስትቆርጡ የቤተ ክርስቲያን ሰው ጠይቁ። ረቡዕና ዓርብንም ተዉ። ፉከራና ሳቅ ያለበት ነገር በጾም ቀን ከተደረገ ወላጅ ልጁን አይልክም፤ እውነቱን ነው።

ርእሰ መምህሩን በጽሑፍ አስፈቅዱ። የእያንዳንዱን ልጅ ወላጅ ግን በአካል ሄዳችሁ አነጋግሩ። "ሬስሊንግ" ስትሉ ወላጅ የሚያስበው በቴሌቪዥን ያየውን በወንበር መማታት ነው። ማንም ማንንም እንደማይመታ፣ አሸናፊው አስቀድሞ እንደሚታወቅ፣ ትርኢቱ እንደ ድራማ የሚጠና መሆኑን አስረዷቸው። እኔ የማስገባው 11ኛና 12ኛ ክፍል ያሉትን ብቻ ነው። የአንገት፣ የጀርባ ወይም የሚጥል በሽታ ችግር ያለበት ልጅ አይወድቅም፤ ዳኛ፣ ተራኪ ወይም አቀንቃኝ ይሆናል። ይህን ስል ለማጽናናት ብዬ አይደለም። ዳኛው ለምን ዋና ሰው እንደሆነ ወደ ታች ታዩታላችሁ።

ለልጆቹ የዲዲቲን ቪዲዮ ስታሳዩ አስቀድማችሁ ለብቻችሁ እዩት። በዩቲዩብ ገጻቸው በነፃ የሚለቀቅ አለ፣ ሬስል ዩኒቨርስ በሚባለው መተግበሪያቸው ደግሞ በክፍያ የሚታይ አለ። ከሥራቸው ውስጥ ለአዋቂ ብቻ የሚሆን ቀልድም ስላለበት ምርጫው የመምህሩ ነው። እኔ በፍላሽ የያዝኳቸው የመጻሕፍት ቤቱን፣ የጫካውንና የዲዲቲው ተፋላሚ ኮታ ኢቡሺ ከአሻንጉሊት ጋር የገጠመውን ነው።

ሜዳው

አውድማ እመርጣለሁ። በእበት ተለቅልቆ የደረቀ አውድማ ድንጋይ የለውም፣ ደልዳላ ነው፣ ዙሪያውን ለተመልካች ይመቻል። አውድማ ካጣችሁ የትምህርት ቤቱ ሣር ይበቃል፤ ግን ድንጋይና የጠርሙስ ስባሪ በእጃችሁ እየዳበሳችሁ ልቀሙ።

የሚያስፈልጋችሁ አራት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ መውደቂያ ነው። ትምህርት ቤታችሁ የጂምናስቲክ ፍራሽ ካለው ከላይ አድርጉት። ከሌለው ማዳበሪያ ከረጢት ሰብስባችሁ ጭድ ጠቅጥቁበት። የላላ ከረጢት ሲወድቁበት ይከፈልና መሬቱ ያገኛችኋል፤ ስለዚህ እየረገጣችሁ ጠቅጥቃችሁ አፉን በጆንያ መርፌ ስፉት። ከረጢቶቹን በሁለት ድርብ ደርድሩ። የላይኛው ድርብ የታችኛውን መጋጠሚያ መሸፈን አለበት፤ ግንበኛ ብሎኬት እንደሚያስረው ማለት ነው። ከዚያ ጎረቤት ለጎረቤት በሲባጎ ስፉአቸው። ሳይታሰሩ ከቀሩ በሁለቱ መካከል እግር ገብቶ ቁርጭምጭሚት ይጠማዘዛል። በላዩ ሸራ ወጥራችሁ ጫፉን በችካል ምቱት፤ የችካሉ ራስ ከመሬት እኩል ይቀበር፣ ቢያንስ አንድ ሜትር ከመውደቂያው ይራቅ።

የጤፍ ጭድ ከስንዴው ይሻላል። ለስላሳ ነው፣ ሸራውን በስቶ አይወጣም። የገብስ ጭድ ያሳክካል፤ ላብ ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

የሪንግ ገመድ አትትከሉ። ተክሎ የሚይዘው ምሰሶ ራሱ አደጋ ነው። የሸራው ጠርዝ እንደ ገመድ ይቆጠር፦ የተያዘ ሰው እጁ ጠርዙን ከነካ ዳኛው ያላቅቃል።

መውደቅ

ጃፓኖቹ አወዳደቅን ኡኬሚ ይሉታል፤ አዲስ ገቢ ማንኛውንም ነገር ከመማሩ በፊት እሱን ደጋግሞ ይሠራል። እናንተም ከዚህ አትለፉ። ልጆቹ ለመዝለል ይቸኩላሉ፤ አትስሟቸው።

በቁጢጥ ጀምሩ። ልጁ ሸራው ላይ ቁጢጥ ይበል፣ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ ያጣምር፣ አገጩን ደረቱ ላይ ይጠፍ። ከአገጩ ሥር የታጠፈ መሐረብ አስገቡለትና "ወድቀህ እስክትነሣ መሐረቡ እንዳይወድቅ" በሉት። ይህች መሐረብ ከብዙ ንግግር ትሻላለች። መሐረቡ ከወደቀ ራሱ ወደ ኋላ ተወርውሯል ማለት ነው፤ ያ ልጅ ገና ቆሞ መውደቅ አይፈቀድለትም። ቁጢጥ እንዳለ ወደ ኋላ ይንከባለል፤ የጀርባው የላይኛው ሰፊ ክፍል ሲነካ ሁለቱንም ክንዶቹን ከነመዳፋቸው ከጎኑ ትንሽ ፈንጠር አድርጎ ሸራውን ይምታ፣ በዚያው ቅጽበት ትንፋሹን በአፉ ያውጣ። ክንዱ ሲመታ የወደቀው ክብደት ይከፋፈላል። ድምፁ ደግሞ "ጧ" ይላል፤ ተመልካቹን የሚያስደነግጠው ያ ድምፅ ነው።

የሁሉም ልጅ የመጀመሪያ ጥፋት አንድ ዓይነት ነው፦ እጁን ወደ ኋላ ልኮ መሬቱን ሊደገፍ ይሞክራል። የእጅ አንጓና ክርን የሚሰበረው በዚህ ነው። ይህን የሚያደርግ ልጅ ካያችሁ ሁለት እጁን በጋቢ ጠቅልላችሁ ያለ እጅ ይንከባለል፤ ሰውነቱ መደገፉን ይረሳል። ቀጥሎ በግማሽ ቁመት፣ ከዚያ ቆሞ። ወደ ፊት በትከሻ መንከባለልንም በዚሁ ጊዜ ያጥኑ፦ ከቀኝ ትከሻ ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ግራ ዳሌ፣ ራስ መሬት ሳይነካ።

ሰውን አንሥቶ መወርወር፣ በራስ መትከል፣ ከጠረጴዛ ወይም ከዛፍ መዝለል በእኛ ትርኢት ውስጥ የለም። ዲዲቲዎች ያንን ያደርጋሉ፤ እነሱ ሥራቸው ነው፣ ዓመታት የሠለጠኑበት ነው። ኮታ ኢቡሺ በ2004 ዲዲቲ ውስጥ ጀምሮ በኋላ ኒው ጃፓን በሚባለው ትልቅ የሬስሊንግ ድርጅት ታላቁን የጂ1 ውድድር በ2019 እና በ2020 ተከታትሎ ያሸነፈ ሰው ነው። ካናዳዊው ኬኒ ኦሜጋም በ2008 ወደ እነሱ መጥቶ ዛሬ በዓለም የታወቀ ሆኗል። ቀልደኛ በሚባለው ቡድን ውስጥ የኖሩት እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው። ልጆቹ "ኢቡሺ ከላይ ዘሎ የለም እንዴ?" ሲሉ ይህን ንገሯቸው።

በልምምድ ላይ ራሱን የተመታ ልጅ "ደኅና ነኝ ቲቸር" ቢልም የዚያን ቀን አይመለስም። ካስመለሰው፣ ካደነዘዘው ወይም ራስ ምታቱ ከጠናበት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

አያ ጭዶ

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣሁ።

ዲዲቲ ውስጥ ዮሺሂኮ የሚባል ተፋላሚ አለ። በአየር የሚነፋ አሻንጉሊት ነው። ከኢቡሺ ጋር ሲገጥም ያየ ሰው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አሻንጉሊት መሆኑን ይረሳል። ዮሺሂኮ ኢቡሺን ያሽከረክረዋል፣ አንገቱን ያንቀዋል፣ ገልብጦ ይጥለዋል። ይህን ሁሉ የሚሠራው በእርግጥ ኢቡሺ ራሱ ነው፤ አሻንጉሊቱን እንደያዘ ራሱን ይጥላል። ከሰው ጋር ከሚደረገው ይከብዳል፤ ሰው ሲወረውርህ ግማሹን ጉልበት ይሰጥሃል፣ አሻንጉሊት ግን ምንም አይሰጥህም።

የእኛው በጭድ የተሞላ ነው። ልጆቹ በተረቱ ልማድ፣ አያ ጅቦ እንደሚባለው፣ አያ ጭዶ ብለውታል። አሠራሩ እንዲህ ነው። አሮጌ ሱሪና እጅጌው ረጅም የሆነ ሹራብ ፈልጉ፤ ከውስጥ የማዳበሪያ ከረጢት አስገቡለት፣ አለዚያ ጭዱ በስፌቱ ይበናል። ቁመቱ ከሚገጥመው ልጅ ጋር እኩል ይሁን፤ አጭር ከሆነ ሕፃን የሚደበደብ ይመስላል፣ ያ ደግሞ አያስቅም። ክብደቱ ከ5 እስከ 7 ኪሎ ይበቃል። ጉልበቱና ክርኑ ላይ ጭዱን ወዲያና ወዲህ ገፍታችሁ በሲባጎ እሰሩት፤ እንደ መገጣጠሚያ ይታጠፋል። የቀኝ ክንዱን ከክርን በታች ግን ጠቅጥቃችሁ ሙሉት፤ ክርኑ መሬት ሲተከል ክንዱ ቀጥ ብሎ እንዲቆም። ምክንያቱን ቆይታችሁ ታዩታላችሁ። ሁለቱም እጆቹ አንጓ ላይ ጣት የምታስገባ የጨርቅ ቀለበት ስፉ፤ ተፋላሚው አሻንጉሊቱን የሚቆጣጠረው በእሷ ነው። ፊት አትሣሉለት። ተመልካቹ ራሱ ፊት ይሰጠዋል፦ ሲያሸንፍ የኮራ፣ ሲሸነፍ ያዘነ ይመስላል። የተሣለ ፊት ግን ሁልጊዜ ያው ነው።

ግጥሚያው ከሰባት ደቂቃ አይብለጥ። ሦስት ነገር ይበቃዋል።

የመጀመሪያው ውርወራ ነው። ልጁ የአያ ጭዶን ክንድ በራሱ አንገት ዙሪያ ጠምጥሞ፣ ቀለበቷን በጣቱ ይዞ፣ ተጠግቶ ይቆማል። ሊገፋው ይሞክራል፣ አልሆነለትም፤ እንደገና ይሞክራል። በሦስተኛው አያ ጭዶን እንዳቀፈ በትከሻው ወደ ፊት ይንከባለልና ጀርባውን ይመታል። ከሩቅ ሲታይ አሻንጉሊቱ ጎትቶ ጣለው። ልጁ ወድቆ ወዲያው መነሣት የለበትም። ወገቡን ይዞ፣ ምን እንደ ደረሰበት ያልገባው ሰው ሆኖ፣ አያ ጭዶን ይመልከት።

ሁለተኛው መያዣው ነው፤ ጊዜ የምትሰጡትም ለዚህ ነው። ልጁ በደረቱ ተኝቶ የአያ ጭዶን ሁለት እግሮች በአንገቱ ዙሪያ ያጣምራል። ከውጭ አንገቱ የተቆለፈ ይመስላል፤ በእውነቱ ከእጁ በስተቀር የሚይዘው የለም፣ ጨርቁም አንገቱን ሳይሆን ትከሻውን መንካት አለበት። ከዚያ መሰቃየት ነው። ዳኛው በጉልበቱ ተንበርክኮ "ትተዋለህ?" ይለዋል። ልጁ ራሱን ይነቀንቃል። "ትተዋለህ?" አሁንም እምቢ ይላል። ወደ ሸራው ጠርዝ በክርኑ መሳብ ይጀምራል፤ አንድ ክንድ ይሄዳል፣ ይደክመዋል፣ አያ ጭዶ ወደ ኋላ "ይጎትተዋል"። እኛ ዘንድ በዚህ ሰዓት አንዲት እናት ከፊት ተነሥተው "ኧረ ያዙት! ልጁን ሊገድለው ነው!" ብለው ጮኹ። ጭድ መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ጭዱን የሰጡን እሳቸው ናቸው።

ሦስተኛው መነሣቱ ነው። ልጁ በመጨረሻ አያ ጭዶን ጥሎ ትከሻውን ይጫናል። ዳኛው አያ ጭዶ ራሱን ስቶ እንደሆነ ለማየት ቀኝ እጁን አንሥቶ ይለቃል፤ ይወድቃል። እንደገና ያነሣል፤ ይወድቃል። በሦስተኛው ክርኑን መሬት ላይ ተክሎ ይለቀዋል፤ ያ ጠቅጥቃችሁ የሞላችሁት ክንድ ቆሞ ይቀራል። ዳኛው በድንጋጤ ወደ ኋላ ይላል። ልጁ የቆመውን እጅ ያያል፣ ዝም ይላል። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሕዝቡ እስኪጨርስ ድረስ ሦስቱም ባሉበት ይቆዩ።

በልምምድ ልጆቹን የምለው አንድ ቃል ነው፦ "ዓይንህ ከእሱ አይለይ።" ወደ ተመልካች ዞር ብሎ ፈገግ ያለ ልጅ አያ ጭዶን ገደለው፤ ከዚያ በኋላ የሚታየው ሹራብ የለበሰ ከረጢት ነው።

ዳኛው

ከላይ እንዳያችሁት ሁሉን የሚያምን ሰው ዳኛው ነው። አያ ጭዶ ሕግ ሲጥስ ይገሥጸዋል፣ ጥፍሩን ይፈትሻል፣ ሲገባ ስሙን ይጠይቀዋል፣ መልሱን ጎንበስ ብሎ ይሰማል። ስለዚህ ከክበቡ ውስጥ በተፈጥሮው ኮስታራ የሆነውን ልጅ ምረጡ። ሳቂታ ልጅ ለዳኝነት አይሆንም። ዳኛው ሌላም ሥራ አለው፦ በእያንዳንዱ አወዳደቅ መሐል ልጆቹን ቀስ ብሎ "ደኅና ነህ?" ይላል። የተጎዳ ልጅ የዳኛውን እጅ ሁለቴ ይጨብጣል፤ ያን ጊዜ ግጥሚያው በምንም ሰበብ ያልቃል። ይህን ምልክት ከሌላው ሁሉ በፊት አስጠኑ።

ቀበቶው

ዲዲቲ በ2000 ምልክቱ ቀበቶ የሆነ አንድ ሻምፒዮንነት ፈጠረ፤ አይረንማን ሄቪሜታልዌይት ይባላል። ሕጉ ቀላል ነው፦ በየትኛውም ሰዓት፣ በየትኛውም ቦታ፣ ዳኛ እስካለ ድረስ ባለ ቀበቶውን ትከሻውን መሬት አስነክቶ ሦስት ያስቆጠረ ቀበቶውን ይወስዳል። ሰው መሆን አይጠበቅበትም። መሰላል ወስዶታል፣ ድመት ወስዳዋለች፣ ዮሺሂኮ ደጋግሞ ወስዶታል፣ ቀበቶው ራሱ ሻምፒዮን የሆነበት ጊዜም አለ። ከ1000 ጊዜ በላይ እጅ ቀይሯል።

ይህ ለትምህርት ቤት የተሠራ ነው ቢባል ይቀላል፤ ከትርኢቱ በፊት ያሉትን ሳምንታት ሙሉ ግቢውን በጉጉት ይሞላዋል። ቀበቶውን ከአሮጌ ጠፍርና ከዘይት ቆርቆሮ ሠራነው፤ የቆርቆሮውን ጠርዝ ወደ ውስጥ አጥፋችሁ በመዶሻ ጠፍጥፉ፣ እጅ ይቆርጣል። ጀርባው ላይ የባለቤቶቹ ስም በየተራ ይጻፋል። የእኛ ሕግ ከጃፓኖቹ ይጠብቃል፦ በዕረፍት ሰዓት ብቻ፣ ሣር ላይ ብቻ፣ በክበቡ አባላት መካከል ብቻ፣ መጣል የለም፤ ተቀምጦ ወይም ተኝቶ የተገኘን ብቻ ነው። አንድ ባለ ቀበቶ ዋርካ ሥር ጋደም ብሎ እንቅልፍ ሲወስደው ጓደኞቹ የቮሊቦል ኳስ ደረቱ ላይ አስቀመጡ። ዳኛው ሮጦ መጥቶ ሦስት ቆጠረ። ኳሷ ሻምፒዮን ሆነች፤ ስሟም ከቀበቶው ጀርባ ተጽፏል። እስከ ሰኞ ድረስ በጨዋታ ያሸነፋት ስላልነበረ የስፖርት ዕቃ ክፍል ውስጥ ከነቀበቶዋ አደረች። እንስሳ ግን አታስገቡ፤ በግርግር የተደናገጠ ፍየል ወይም ውሻ ልጅ ይጎዳል።

አገባብና አንደበት

ጃፓኖቹ በሙዚቃ ይገባሉ። እኛ ጎጃም ላይ ሆነን ሙዚቃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለብንም። እያንዳንዱ ተፋላሚ ከኋላው አንድ አቅራሪ ይኑረው፤ ማሲንቆ የሚይዝ ልጅ ካገኛችሁ ደግሞ እሰየው። ፉከራው አዲስ ይሁን፣ ስለዚያው ስለ ተፋላሚው ይሁን። ለአያ ጭዶ የተገጠመለት ይኸው፦

አጥንት ልትሰብር የመጣህ ጎበዝ፣
እኔ ያለኝ ጭድ ነው፤ እሱንም ምዘዝ።

አቅራሪው ጋቢውን አጣፍቶ፣ ጎራዴ እንደያዘ ሰው እየተንጎራደደ፣ ከልቡ ይበለው። ድምፁን እያሾፈ የሚያቀርበው ከሆነ አትቀበሉት።

በሪንግ ላይ ንግግር የመጠቀም ሁለት ዘዴ ከዲዲቲ ወስደናል። ሱፐር ሳሳዳንጎ ማሽን የሚባል ጭንብል ለባሽ ከግጥሚያው በፊት በፓወር ፖይንት ቆሞ እንዴት እንደሚያሸንፍ ለሕዝቡ ያስረዳል። እኛ ጥቁር ሰሌዳ አውጥተን አውድማው ዳር እናቆማለን፤ የሒሳብ ጎበዝ የሆነው ልጅ የተጋጣሚውን ውድቀት በሦስት ማዕዘን አስልቶ ያረጋግጣል፤ ከዚያ ስሌቱ ሳይሠራለት ይቀራል። አንቶኒዮ ሆንዳ ደግሞ በግጥሚያ መሐል ጉልበቱን ይዞ ይወድቅና የቀበሮ ተረት መተረክ ይጀምራል። ተጋጣሚው ቆሞ ይሰማል፣ ዳኛውም ይሰማል፤ ተረቱ ሲሞቅ ሆንዳ ቀበሮ በሠራባቸው ጣቶቹ የተጋጣሚውን ዓይን ይወጋል። የእኛው ልጅ "ተረት ተረት" ሲል ሜዳው በሙሉ "የላም በረት" ብሎ ይመልሳል። ተጋጣሚውም አብሮ ስለሚመልስ ይያዛል። ዓይን መውጋቱን ግን በኮፍያ ማውለቅ ቀይረነዋል።

የዕለቱ ቅደም ተከተል

ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሩ፤ ፀሐዩ በረድ ይላል፣ ሰውም ከገበያ ተመልሷል። ከአንድ ሰዓት ተኩል አይለፍ። መጀመሪያ ንጹሕ ትግል አሳዩ፦ ሁለት ጠንካራ ልጆች ያለ አንድ ቀልድ፣ በእጅ መያዝ፣ በመጣልና በመነሣት ብቻ። በመስክ ከብት እየጠበቁ ትግል ገጥመው ያደጉ አባቶች አሉ፤ ይህን ሲያዩ ዓይናቸው ይከፈታል፣ አያያዙን ማረም ይጀምራሉ። አንዴ ካመኑ በኋላ የጥቁር ሰሌዳውንም የተረቱንም ይቀበላሉ። አያ ጭዶ ከመጨረሻው በፊት ይግባ። መጨረሻው የቀበቶው ግጥሚያ ይሁን።

"የእውነት ነው ወይስ የውሸት?" የሚል ሁልጊዜ አለ። አሸናፊውን ተነጋግረን እንደወሰንን፣ አወዳደቁ ግን የእውነት እንደሆነ ንገሩት። ካላመነ ሸራው ላይ ቁጢጥ ብሎ በመሐረብ እንዲሞክር ጋብዙት።

ተመልካች ሕፃናት ትርኢቱ እንዳለቀ ወደ ሸራው ይሮጣሉ። ሁለት ትልልቅ ልጆች አስቀድማችሁ በዳር አቁሙ፤ ሸራው የሚነሣው ወዲያው ነው። በቤት እንዳይሞክሩት ተራኪው በመጀመሪያም በመጨረሻም ይናገር።

ጭዱን የምትመልሱት ለከብት ስለሆነ ከረጢቱን ስትፈቱ የሲባጎ ቁራጭና የማዳበሪያ ክር አንድ በአንድ ልቀሙ። ላም ከዋጠችው ሆዷ ውስጥ ይቀራል። የጆንያ መርፌዎቹን ከመጀመራችሁ በፊት ቆጥራችሁ መዝግቡ፤ ስትጨርሱም ቁጥሩ ካልሞላ ጭዱ ከአውድማው አይነሣ።